ስምንቱ ብሎኖች

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሞተሯ እንደ ወትሮው ወዲያው ተነሣ፣ ማርሽ ገባላት፣ ነዳጅም ተሰጣት፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሾፌሩ ማርሹን አወጣና መልሶ አስገባ። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ እንደቆመች ናት። ከኋላ አልጋው ላይ የተኙት ሽማግሌ ሕመምተኛ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ደረስን እንዴ ብለው ጠየቁ።

ሾፌሩ ወረደና ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጉልበቱን ከማርሽ ሳጥኑ ተቀብሎ ለኋላ እግሮች የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ መካኒኮች ካርዳን የሚሉት፣ ቦታው ላይ የለም። ተሰብሮ ወይም ወድቆ አይደለም፤ ተፈቶ ተወስዷል። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ያለችው አምቡላንስ አንዲት ብቻ ናት፤ አሁን እሷም ሞተር ያላት አልጋ ሆና ቀረች። ለሽማግሌው የሰው መኪና ተለምኖ ተገኘ። ፖሊስም ተጠራ።

የመጣው ኢንስፔክተር ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ደልደል ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ስለ መኪና የሚያውቀው ነዳጅ እንደምትጠጣ ብቻ ነው፤ ይህንንም አይደብቅም። የግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለ። ይህችን አምቡላንስ ያውቃታል። ከስምንት ወር በፊት ባለቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ግማሽ አካሏ ከድቷት ስትወድቅ፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ ደጃፉ ደርሳ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ ትልቁ ሆስፒታል ያስገባቻት ይህችው ናት። ሐኪሙ "ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ" ብሎ ጀምሮ ሳይጨርስ የተወው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ። ሾፌሩን ግን አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነውም። መጀመሪያ በድንጋጤ ረሳው፣ ቀጥሎ አፈረ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት መሰለው። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር ሆነ። አሁን ያንኑ ሰው ሊመረምር መጣ።

መኪና የሚመድበው የስምሪት ኃላፊ በሩ ላይ ተቀበለው። ቀጭን፣ ክራባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ሰው ነው። ለእሱ ነገሩ ያለቀ ነበር።

"ቁልፉ ያለው ሾፌሩ ጋ ነው። ግቢውን የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ዘንግ ከተቀየረ ጀምሮ ሲያማርር የከረመውም እሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይመረመራል?"

ዘንጉ ከወር በፊት ተገዝቶ ከካርቶኑ እንደወጣ በቀጥታ መገጠሙን፣ ዓይነቱም እንደ ቀድሞው መሆኑን ሳይጠየቅ ጨመረ። ዘበኛው ደግሞ ያየውን ተናገረ። እሑድ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው እግሩ ከአምቡላንሷ ሥር ወጥቶ አይቷል። ሾፌሩ መስሎት፣ በዚህ ዝናብ ምን ያሠራዋል ብሎ አዘነለትና ጎጆው ውስጥ ቁጭ አለ። ፊቱን አይቶ እንደሆነ ኢንስፔክተሩ ጠየቀው።

"እግሩን ነው ያየሁት ጌታዬ። እግር ደግሞ ያው እግር ነው።"

በልብስ ማጠቢያው በኩል ያለችው ትንሽ በር ቀን ቀን እንደማትቆለፍም አመነ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዶክተሯ እስካሁን እጇን አጣምራ ታዳምጥ ነበር። እሷም የምትለውን በአጭሩ አለች። ዘንጉ እስከ ነገ ጠዋት ካልተገኘ ሾፌሩን ከሥራ የሚያግደው ደብዳቤ ላይ ትፈርማለች፤ ሌላ ምርጫ የላትም፤ ከዚያ በኋላ እስሩም ክሱም የፖሊስ ጉዳይ ነው። ይህን ስትናገር ሾፌሩን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ኮቱን አውልቆ ለዘበኛው አስያዘና እያቃሰተ ከመኪናዋ ሥር ገባ። መጀመሪያ ያየው ድንጋይ ነው። ሾፌሩ እንደነገረው የእጅ ፍሬኗ ደካማ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚያቆማት ማርሽ አስገብቶ ነው። ዘንጉ ከወጣ ግን ማርሹ አይዛትም፤ በዚያ ዘንበል ባለ ግቢ ተንሸራትታ ግንቡን ትመታ ነበር። ሌባው ይህን አውቆ ከየእግሩ ሥር ድንጋይ አስገብቷል። ዘንጉ የታሰረባቸውን ሁለት አፎች አቧራ እንዳይገባባቸው በላስቲክ ጠቅልሎ በክር አስሯል። ከአንዱ ድንጋይ ጎን የወተት ጣሳ አለ። ጣሳው ውስጥ ስምንቱ ብሎኖች ተጠርገውና ዘይት ተቀብተው፣ እያንዳንዳቸው ከነቀለበታቸው ተቀምጠዋል።

ኢንስፔክተሩ በጀርባው እንደተኛ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ሌባ ብዙ አይቷል። በር የሚገነጥል፣ መስኮት የሚሰብር፣ ሰርቆ ሲወጣ ያስታወከም አይቷል። የሰረቀውን ሰው ዕቃ ዘይት ቀብቶ የሚያስቀምጥ ግን ይኸው የመጀመሪያው ነው። ሊወጣ ሲል መዳፉን አንድ ነገር ወጋው። ጥፍር የምታህል፣ ተጠቅልላ ወደ ሰማያዊ ያደላች የብረት ልጣጭ ነበረች። ፖስታ ውስጥ ከተታት።

ሾፌሩን ያነጋገረው በዘበኛው ጎጆ ውስጥ ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ሲሆን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጣቸው እጆቹ አይንቀሳቀሱም። ስለ ዘንጉ ሲጠየቅ አልደበቀም። ከስልሳ በላይ ሲነዳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥር የሚያጉረመርም ድምፅ አለ፣ ከኋላ የተኛ ሕመምተኛ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከተ። የስምሪት ኃላፊው ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

"ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?"

ሾፌሩ በጎጆው በር በኩል ወደ አምቡላንሷ አየ።

"ብቻህን ነበርክ?"

"ከሰው ጋር ነበርኩ።"

"የሰውየውን ስም ንገረኝ፤ አሁኑኑ አጣርቼ እለቅሃለሁ።"

"ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ባይጠይቁኝ ይሻላል" አለ ሾፌሩ። "ሌላ ሰው ይጠይቀኝ። ለእሱም ቢሆን አልናገርም።"

ኢንስፔክተሩን ነገሩ ከነከነው። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ወይ በጣም ጥፋተኛ ነው፣ ወይ በጣም ጨዋ ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ፖሊስ መሆን አልበቃውም። ሊነሣ ሲል "ባለቤቴ..." ብሎ ጀመረ። ምስጋናውን ዛሬ ሊወጣው ነበር። ነገር ግን "እየተሻላት ነው። ለብቻዋ እንድትራመድ ግን አልፈቅድላትም" ብሎ ጨረሰ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ሾፌሩ ዓይኑን ወለሉ ላይ እንደተከለ።

ስለ ዘንግ ከኢንስፔክተሩ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በአካባቢው ደግሞ ያ ሰው አንድ ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር ቶርኖ ቤት ያላቸው፣ ብረት ሲያስተካክሉ አርባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ። ሁሉም ሰው "ሚሊ" ይላቸዋል፤ በሚሊ ሜትር ካልሆነ አይናገሩምና። የልጃቸውን ቁመት ቢጠይቋቸው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ይላሉ። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ብረት እያዞረ የሚልጠው ቶርኖ ላይ ያለውን ነገር በሸራ ሸፍነው፣ በክር የታሰረ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

"ግባ ልጄ። ለብረቱ ልጣጭ ጫማህን ተጠንቀቅ።"

የአምቡላንሷ ካርዳን መሰረቁን ሲነግራቸው አልደነገጡም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ከመደርደሪያ ሁለት የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ብረቶች አወረዱና ማስተማር ጀመሩ። ይህ ክሮቼራ ነው፤ ዘንጉ እየዞረ እንዲታጠፍ የሚያደርገው ይህ ነው። ቀጥ ብሎ ሲዞር ሰላም ነው። ሲታጠፍ ግን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ስለዚህ በሌላው ጫፍ ሌላ ክሮቼራ ይገባል። ክሮቼራዎቹን የሚይዙት ጆሮዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ መስመር ከተናበቡ፣ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ያርመዋል። ካልተናበቡ ደግሞ ጥፋቱ ይደመራል።

"አምቡላንሷ ግን ለጉድጓዱ መንገድ ተብላ ከፍ ተደርጋለች" አሉ ሚሊ። "መታጠፊያው በዛባት። ያን ሁሉ አንድ ክሮቼራ ብቻውን እንዲሸከም አይፈረድበትም። የድሮው ዘንጓ በማርሹ በኩል ጥንድ ነበረው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይካፈሉታል።"

"ለመሆኑ ጋሼ፣ ሌባ ምን ያደርግበታል?"

"ምንም። ለእሷ ልክ ተቆርጦ የተበየደ ዘንግ ሌላ መኪና ላይ አይገባ፣ ማን ይገዛዋል?" ብለው ብረቶቹን ወደ መደርደሪያው መለሱ። "የጤና ጣቢያው ሰዎች እስከ መቼ ነው የሚታገሱት?"

"እስከ ነገ ጠዋት።"

"ነገ ጠዋት" አሉ ሚሊ ለራሳቸው፤ ሰዓታቸውንም አዩ። ኢንስፔክተሩ ከልቡ አመሰገናቸውና ወጣ። እንዲህ ሳይሰለች የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ዕድል ነው ብሎም አሰበ።

ዘንጉን የሸጠችው የመለዋወጫ ነጋዴ ሱቋ ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ጉዳዩን ገና ሳይጨርስላት ወፍራም የዕቃ ዝርዝር መጽሐፏን ገልጣ ፊቱ ዘረጋችለት። የስምሪት ኃላፊው የመጣ ዕለት ሦስት ምርጫ ሰጥታው ነበር። አንደኛው ባለ ጥንድ ክሮቼራ ኦርጅናል ነው፤ ታዝዞ እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል። ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ በክሮቼራ ፋንታ ሲቪ ጆይንት የሚባል መታጠፊያ ያለው ነው፤ በኳሶች ስለሚዞር ድምፅ የለውም፣ ነገር ግን ግራሶውን የሚይዘው ጎማ በኮረት መንገድ ቶሎ ይቀደዳል፣ አቧራ ከገባበት ደግሞ ኳሶቹ ያልቃሉ። ሦስተኛው ለዝቅተኛ መኪና የተሠራ ባለ ነጠላ ክሮቼራ ነው፤ እሱ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ሰውየው ሦስተኛውን አንሥቶ ሄደ።

"አይሆንም አልኩት" አለች። "ዕቃው ጥሩ ነው፤ ኦርጅናል ያልሆነ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ለልኩ መኪና ቢሆን እኔው መርቄ እሰጠው ነበር። ለዚያች ከፍ ላለችው ግን አይሆንም፤ ርዝመቱም አንድ ሜትር ከአርባ ነው። እናስተካክለዋለን አለኝና ሄደ።"

ኢንስፔክተሩ ምሳውን ሊበላ ቤቱ ሲገባ ሆዱ እንጂ ልቡ አልተራበም። የስምሪት ኃላፊው ቸኩሏል፣ ይህ ግልጽ ነው። የቸኮለ ሰው ግን የራሱን ዘንግ አይሰርቅም። ሾፌሩ ምክንያት አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ሰማያዊ ቱታ አለው፤ የነበረበትን አይናገርም። ነገ በዚህ ሰዓት ያ ሰው ሥራም ነፃነትም አይኖረውም፤ ያንን የሚጽፈው ደግሞ የኢንስፔክተሩ እጅ ነው።

ባለቤቱ ከመቀመጫዋ ልትነሣ ስትል ሮጦ ብብቷን ያዘ። ከስምንት ወር ወዲህ ያለ እሱ እጅ አንዲት እርምጃ እንድትራመድ አይፈቅድላትም። እሷም ተደግፋ ቁጭ አለችና እግሩን አየች።

"ምንድን ነው ጫማህ ሥር የተሰካው? ምንጣፌን ልትገዘግዘው ነው?"

ጎንበስ ብሎ ነቀለው። ተጠቅልላ ወደ ሰማያዊ ያደላች የብረት ልጣጭ። ከፖስታው ውስጥ የጠዋቷን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። መንታ ነበሩ። ግን ቶርኖ ቤት የሚረግጥ ሰው ብዙ ነው፤ ሾፌሩም ይረግጣል። በረጅሙ ተነፈሰና ጉዳዩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። የሾፌሩን ዝምታ ሲነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት እንደነበር እኔ አውቃለሁ" አለች።

"የት?"

"እዚህ።"

ኢንስፔክተሩ አፉን በእጁ ያዘ። እሷ ግን ጀምራለችና አላቆመችም። ሾፌሩ ኢንስፔክተሩ ተረኛ በሚሆንበት እሑድ ሁሉ ይመጣል፤ አምስት ወር ሆነው። ጭኖ ያደረሳቸውን ሰዎች እየዞረ መጠየቅ ልማዱ ነው። አንድ ቀን ከጓሮው መተላለፊያ ድረስ ልራመድ አለችው፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየተራመዱ ነው። ትናንት ዝናብ ስለነበረ ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለሱ ዋሉ።

"አንተ ስትይዘኝ እግሬን አላገኘውም" አለችው። "እሱ ክንዱን ይዘረጋል እንጂ አይይዘኝም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ምን ትል ነበር?"

"እከለክልሽ ነበር" አለ።

"ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ፤ ዝም ያለው ለዚያ ነው። ደግሞም ያንተን ቤት ቢጠራ፣ ኢንስፔክተሩ ለቤቱ ሰው አዳላ ይሉሃል። ያንተን ስም እየጠበቀልህ ነው።"

ኢንስፔክተሩ ምሳውን ገፋ አደረገ። ሰውየው አንድ ጊዜ አይደለም፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ውለታ ሲውልለት ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ጠዋት "እለቅሃለሁ" እያለ ይደራደረው ነበር። ይሁንና የባለቤቱ ቃል ብቻውን የትም አያደርሰውም። የስምሪት ኃላፊው ይስቅበታል፣ አለቆቹም ጉዳዩን ነጥቀው ለሌላ ይሰጡታል። ሾፌሩን የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ነገ ጠዋት ትክክለኛው ሰው ከነዘንጉ መገኘት አለበት።

ከቤት የልብስ መስፊያ ክር ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሰ። እንደገና ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ከአንደኛው አፍ እስከ ሌላኛው ክሩን ወጠረ፣ አሠረበት፣ ወጥቶም በሜትር ለካው። አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት። ነጋዴዋ የሸጠችው አንድ ሜትር ከአርባ ነው። ከካርቶን ወጥቶ በቀጥታ ሊገጠም አይችልም ማለት ነው፤ አንድ ሰው ሃያ ሁለት ሳንቲም ቆርጦ መልሶ በይዶታል። ይህን የሚያውቁት ያስቆረጠውና የቆረጠው ብቻ ናቸው። ኢንስፔክተሩ ክሩን እጁ ላይ እየጠቀለለ ሳለ ጠዋት የሰማው ነገር ድንገት ትዝ አለው። ለእሷ ልክ ተቆርጦ የተበየደ ዘንግ ማን ይገዛዋል? እንደተበየደ ለሚሊ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አሥር ሰዓት ላይ ቶርኖ ቤት ደረሰ። በዚህ ጊዜ ሸራው ተነሥቷል። ረጅሙ ዘንግ ቶርኖው ላይ ተወጥሮ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ሚሊም ጎንበስ ብለው የመለኪያቸውን መርፌ ያያሉ። እጅ ከፍንጅ ማለት ይኸው ነው። ኢንስፔክተሩ ግን የተናገረው ሌላ ነው።

"ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሾፌሩን ከሥራ ያግዱታል። ከዚያ በኋላ ይታሰራል። ዘንጉን ሰርቀሃል ተብሎ።"

ሚሊ ማሽኑን አጠፉ።

"ልጁ? ልጁ ምን አደረገ? እኔ ነኝ እንጂ።"

በርጩማ ላይ ተቀመጡና ተናገሩ። ዘንግ ሲቆረጥ መጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር በብረት ይጫርበታል፤ ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱ ጆሮዎች የሚናበቡት በዚያ መስመር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሳይጭሩ ቆርጠው አያውቁም።

"ያ ዘንግ ግን አዲስ ነበር" አሉ። "ቀለሙ ያብረቀርቃል። ልቧጭረው አሳዘነኝ። በጠመኔ አሰመርኩ።"

ቆረጡት። ለብየዳው ጫፉን በጋዝ ሲያጥቡት ጠመኔው አብሮ ታጠበ። ፋብሪካው ቀለም የቀባበትን መስመር ተከትለው ገጠሙት፤ መስመሩ ደግሞ ቀጥ ያለ አልነበረም። ያጠፉትን ያወቁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ አምቡላንሷ በደጃቸው ስታልፍ ድምፁን ሰምተው። አጥፍቻለሁ፣ አምጡልኝ ብለው የስምሪት ኃላፊው ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄዱ። መኪናዋ ሥራ ላይ ናት አላቸው። እሑድ ጠዋት ደግሞ ጎረቤታቸው የሆኑት ሽማግሌ ሊሰናበቷቸው መጡ፤ በማግስቱ በአምቡላንስ ቁልቁለቱን ሊወርዱ ነው።

"በፊት በኩል ቢበጠስ ጫፉ መሬት ላይ ይተከልና መኪናዋን ይገለብጣታል። ጎረቤቴን፣ ልጁን... ሌላ ምን ላድርግ? በማግስቱ ሳይነጋ መልሼ ልገጥመው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ቆየ?"

"ጥፋቴን ብቻ ማረም አላስቻለኝማ። ከጤና ጣቢያው ጓሮ ከውድቅዳቂው የድሮውን ዘንግ አመጣሁ። ቱቦው ጠሟል፣ ጥንዱ ክሮቼራ ግን ይሠራል። እሱን አድሼ በማርሹ በኩል አስገባሁት። የኋላውንም ለእሱ እንዲስማማ አስተካከልኩ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ዶክተሯ ዘንድ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ከዚህ ቤት ወጥቶ የተመለሰ ዘንግ የለም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፈርኩ።"

ኢንስፔክተሩ ማፈርን ያውቀዋል። የስምንት ወር ሙሉ ልምድ አለው። ዘንጉን አየ፤ በዚህኛው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በብረት የተጫረ ቀጥ ያለ መስመር አለ።

"ስንት ሰዓት ይቀርዎታል?"

"ሦስት።"

"እንግዲህ በሕግ ይዤዎታለሁ" አለ ኢንስፔክተሩ ሌላ በርጩማ እየሳበ። "ግን ጨርሰው ይያዙልኝ።"

ተቀምጦ ጠበቃቸው። መብራት ያዘላቸው፣ አንድ ሁለቴም ዘንጉን ከወዲያ ጫፍ ደገፈላቸው። በመሐል ለዶክተሯ ደውሎ፣ ዘንጉ እንደተገኘ፣ ደብዳቤውንም እንዳትፈርም ነገራት። ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማት።

ማክሰኞ ጠዋት ሚሊ ራሳቸው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ሾፌሩ ብሎኖቹን ከጣሳው እያወጣ አንድ በአንድ አቀበላቸው። የስምሪት ኃላፊው ክራባቱን አላልቶ፣ ዘንጉ ሲቆረጥ ያውቅ እንደነበርና ወረቀቱ ላይ "ዓይነቱ ያው ነው" ብሎ መፈረሙን በሰው ሁሉ ፊት አመነ፤ ሾፌሩንም ይቅርታ ጠየቀው። "ሁለት ወር አምቡላንስ የለም ብዬ ለሰው መናገር አቃተኝ" አለ። ኢንስፔክተሩ ሊጠላው ሞክሮ አልቻለም። የሆነውን ሁሉ ሳይቀንስ ሪፖርቱ ላይ ጻፈ፤ ያለ ፈቃድ መወሰዱንም፣ ተሻሽሎ መመለሱንም። ዶክተሯ ከሥሩ ጤና ጣቢያው ክስ እንደሌለውና ለሠሪው ምስጋና እንዳለው አክላ ፈረመች።

ከዚያ አምቡላንሷ ተፈተነች። ሚሊ ከኋላ አልጋው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ኢንስፔክተሩ ከፊት ተቀመጠ፣ ሾፌሩም ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን በሰማንያ ወረደ። ወለሉ ጸጥ ብሏል። ሚሊ ከታች እስኪደርሱ ድረስ ዓይናቸውን አልገለጡም። ሲገልጡ እንባ ነበረው። ኢንስፔክተሩ ወደ ሾፌሩ ዞረ፣ አፉን ከፈተ፣ ስለ አየሩ ተናገረ።

በሚቀጥለው እሑድ ተረኛ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ተረኝነቱን ለባልደረባው አስረክቦ፣ በዋናው በር ሳይሆን በጓሮው መተላለፊያ ገባ። ባለቤቱ ከማዶ ጫፍ ቆማለች። ሾፌሩ ከጎኗ ክንዱን ዘርግቷል፣ አልነካትም። እሷ ባሏን አየችው፤ ደነገጠች፣ ግን አልቆመችም። ግራ እግሯን ትንሽ እየጎተተች መጣች። ኢንስፔክተሩ ሁለት ጊዜ ሊሮጥ ተነሣ፤ ሁለቱንም ጊዜ የሾፌሩን ክንድ አይቶ ቆመ። ሠላሳ አራት እርምጃ ቆጠረ። ፊቱ ደርሳ ቆመች።

እሷን አልያዛትም። የሾፌሩን እጅ ግን በሁለት እጁ ያዘው።

"ያን ቀን ልነግርህ ይገባ ነበር" አለ። "ሚስቴን አተረፍክልኝ። አመሰግንሃለሁ። ስለ እሑዶቹም አመሰግንሃለሁ። ስምንት ወር ቆየሁብህ።"

"ኧረ ምን አደረግኩ ኢንስፔክተር" አለ ሾፌሩ ዓይኑ እየሞላ። "መንገዱ ቀና ስለነበረ ነው።"

የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። ማዶ ሰፈር አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል። ደጅ ያቆማት አምቡላንስ ጋ ሮጠ። ባልና ሚስት ቆመው አዳመጡ። ሞተሩ ተነሣ፣ መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች፣ ያ ወር ሙሉ የሰፈሩን መስኮት ሲያንቀጠቅጥ የነበረው ጉርምርምታ ግን የለም።

"ድምፅዋ አይሰማም" አለች ባለቤቱ።

"አዎ፣ አይሰማም።"

ወደ ቤት ለመግባት እንደ ልማዱ ብብቷን ሊይዝ እጁን ሰደደ። ከዚያ አሰበበትና ክንዱን ብቻ ዘረጋላት። እሷ ክንዱን አየችው፣ ፈገግ አለች፣ ሳትነካው ቀድማው ገባች።